የድባቡ ዙሪያ

«መምህር፣ እኔ ቁጥር አላውቅም፤ ግን ይሄ ጨርቅ ይተርፋል።»

«አይተርፍም፣ እትዬ።»

«ይተርፋል አልኩዎት። እንደ እርጥብ ቀሚስ ነው የሚንጠለጠለው።»

«ሬዲየሱን ለክቻለሁ፤ ሰማንያ አራት ነው። ሁለት ጊዜ ሃያ ሁለት ሰባተኛ ጊዜ ሰማንያ አራት፣ አምስት መቶ ሃያ ስምንት። ለስምንት ሲካፈል ስልሳ ስድስት። የቱ ላይ ነው የሚተርፈው? ቁጥሩን ያሳዩኝ።»

«ቁጥር የለኝም አልኩ እኮ። ዓይን ነው ያለኝ።»

«ዓይን ይሳሳታል።»

«እንግዲያው አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሱሪ ሳጠብብ ሳሰፋ የኖርኩት በስህተት ነው በሉኛ!»

እኔ ሳቅሁ። አባቴ ቀና ብለው ሲያዩኝ ሳቄን ዋጥኩት።

ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተንበርክከናል። ስዊድን አገር፣ ሃግሴትራ፣ ባቡሩ ከሚያበቃበት ጣቢያ ጀርባ ባለው ቤታችን፣ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ ጠረጴዛውን ኮሪደር ላይ አቁመን፣ ሳሎኑን በቀይ ከፋይ ጨርቅ ሸፍነነዋል። ከፋዩ የተዘረጋው ተገልብጦ ነው። በሻካራው ጀርባው ላይ አባቴ በነጭ ጠመኔ ስምንት ቁራጮች ሥለዋል፤ እያንዳንዱ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ፣ አናቱ ሹል፣ ግርጌው ቅስት። መርፌ ሰክተው፣ ሲባጎ አስረው፣ በሲባጎው ጫፍ ጠመኔ ቋጥረው ነው የሣሉት። አንድም የተንጋደደ መስመር የለበትም። ሶፋው ላይ ደግሞ የጃንጥላው አጥንት ተዘርግቶ ተቀምጧል፤ ከአናቱ ተነስተው እየጎበጡ የሚወርዱ ስምንት የብረት ዘንጎች።

ድባብ ነው፤ ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚያዘው ትልቁ ጃንጥላ። ጉባኤያችን የራሱ ሕንጻ ስላልነበረው ከስዊድኖች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤቱን ተከራይቶ ነበር የሚጠቀመው፤ ለዓመቱ ንግሥ ብቻ ትልቁን አዳራሽና ግቢውን ይፈቅዱልናል። ባለፈው ዓመት ንግሥ ላይ ሕንጻውን ስንዞር በአቅራቢያው ካለው ሐይቅ በኩል የመጣ ነፋስ የድሮውን ድባብ ከላይ እስከ ታች ተረተረው። ከዚያ በኋላ አንዲት ምዕመን አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ ከፋዩንና ወርቃማውን የጠርዝ ዘርፍ በሻንጣ ይዘው መጡ። የጨርቁንም የዘርፉንም ልክ አስልተው ጽፈው የሰጧቸው አባቴ ናቸው። በስብሰባው ላይ «ሂሳቡን ለእኔ ተዉት» ብለው ሲነሱ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ያን ዕለት እንደዚያ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው። ስፌቱ ለእትዬ ተሰጠ፤ አዲስ አበባ ሳሉም እዚህም ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ሻርሆልመን ገበያ ማዕከል ውስጥ በሚገኝ አንድ ትንሽ ሱቅ የሰው ልብስ እያስተካከሉ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው።

እትዬ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ከአንዱ ዘንግ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ዘንግ ጫፍ ወጠሩት።

«ይኸው። ሃምሳ አራት አይሞላም። እርስዎ ስልሳ ስድስት ይሉኛል። አሥራ ሁለቱ ሳንቲም ከየት መጣ?»

«እርስዎ የለኩት ቀጥታውን ነው። ክብ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ በቀጥታ መሄድና በቅስቱ መሄድ አንድ አይደለም። ቅስቱ ይረዝማል። ይሄ የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ነው።»

«እኔ ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው የማስረዳዎት።»

«አይ መምህር፣ አስረዱኝ እንጂ፤ ማስረዳቱስ ጥሩ ነበር። ጨርቁ ግን ማስረዳት አይሰማም።»

አባቴ ያሉት ልክ ነው፤ ቅስቱ ከቀጥታው ይረዝማል። ስህተታቸው የቆመው በአንድ እውነት ላይ ስለነበር ማንም ሊያነቃንቀው አልቻለም። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ኮምቩክስ፣ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የምማረው ይሄንኑ ነበር፤ የክብ ዙሪያ፣ ስፋት፣ ሴክተር የሚባለው የክብ ቁራሽ። ሬዲየሱ በእውነት ሰማንያ አራት ቢሆን ኖሮ ቀጥታው እንኳ ከስልሳ አራት ባላነሰ ነበር። ሃምሳ አራት ሊሆን አይችልም። ከተንበረከክሁበት ወደ አጥንቱ አየሁና ነገሩ ገባኝ። አባቴ ሬዲየስ ብለው የለኩት ዘንጉን ነው፤ ሜትሩን ከአናቱ ጀምረው በጉብጠቱ ላይ አስተኝተው እስከ ጫፉ። ክቡ ግን ታች ነው ያለው፣ ጫፎቹ ባሉበት። ከመሃል ምሰሶው ተነስቶ በአየር ላይ በቀጥታ ወደ ጫፉ የሚሄድ ሰው ሰማንያ አራት አያገኝም። በዓይኔ ገመትኩት፤ ሰባ። በሰባ ከሆነ ዙሪያው አራት መቶ አርባ ነው፣ የአንዱ ቁራጭ ግርጌ ሃምሳ አምስት። የእትዬ ሜትር አልተሳሳተም።

አፌን ከፈትኩ። አባቴ ጉልበታቸው ላይ የነካቸውን ጠመኔ እያራገፉ ለእትዬ የሴክተርን ስፋት መናገር ጀምረው ነበር፤ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ሁለት ካሬ ሳንቲም እያሉ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ማሽን፣ ዓይናቸውን ትንሽ ጨፍነው። ቤታችን ውስጥ ይሄን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። አፌን ዘጋሁት።

እትዬም አዩዋቸው። ከዚያ መቀሳቸውን አነሱ።

«እሺ። መምህሩ እርስዎ ነዎት። ይቆረጥ።»

መቀሱ መስመሩ መጀመሪያ ላይ አንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ ጥርት አድርገው፣ ጠመኔውን ለሁለት እየከፈሉ፣ ስህተት መሆኑን እያወቁ ስምንቱንም ቆረጡ። እኔ ጨርቁ እንዳይሸበሸብ በሁለት እጄ ይዤላቸዋለሁ።

አባቴ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው ከአገር የወጡት። እናቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ትዳር መሠረተች። ወረቀታቸው ተስተካክሎ እኔን ሲያስመጡኝ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተቀበሉኝን ሰው የማውቃቸው በፎቶግራፍ ነው። አንተ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም፤ እንደ ባዕድ ሽማግሌ እርስዎ ብዬ ጀመርኩ፣ በዚያው ቀረ። እሳቸውም አላረሙኝም።

አዲስ አበባ እያሉ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ነበሩ። እዚህ ሲመጡ ማስረጃቸውን ለሚመዝን ቢሮ ላኩ፤ መልሱ ቋንቋ ይማሩ፣ ከዚያ የጎደለውን ኮርስ ይጨምሩ የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ሃምሳን እያለፉ ነው። ደብዳቤውን የኩሽናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከባትሪዎቹና ከመለዋወጫ አምፖሎቹ ጋር አስቀመጡት። ሥራቸው ሆስፒታል ውስጥ ኮሪደር ማጽዳት ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ይመለሳሉ፣ ጫማቸውን እንዳወለቁ እግራቸውን ሶፋው ላይ ሰቅለው ይተኛሉ። የሚተኙት አፋቸውን ገጥመው ነው፤ በእንቅልፋቸው እንኳ የሆነ ነገር ላለመናገር የሚጠነቀቁ ይመስላሉ። ሥራ ቦታ በስማቸው ብቻ ይጠሯቸዋል። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፣ አንደበቴ ላይ ገና አዲስ ልብስ የሆነ ቃል። መምህር የሚላቸው ጉባኤው ብቻ ነው። ከምድር ቤቱ ደረጃ ሲወርዱ «መምህር መጡ» ሲባል ትከሻቸው ከፍ ይል ነበር። በዚህ አገር የተረፋቸው ይሄ ነው፤ እኔም እትዬም እናውቀዋለን።

እኔን ማስተማር ሞክረዋል። ቅዳሜ ጠዋት ኩሽና ውስጥ፣ የኮምቩክስ መጽሐፌን ገልጠው፣ ፓይ ሦስት ነጥብ አንድ አራት የሚለውን ሲያዩ ፊታቸውን ያጨፈግጉ ነበር።

«ይሄ የሱቅ ቁጥር ነው። ሃያ ሁለት ሰባተኛ በል።»

«አስተማሪዋ በማሽን አስሉ ነው የምትለው።»

«ማሽኑ ሲጠፋብህስ?»

«አዲስ ይገዛል።»

«አፍህ እንደ እናትህ ነው።»

ሃሳቤ አብሯቸው አልነበረም። ዕቃ ከማጥብበት ምግብ ቤት የገባው ድካም ጀርባዬ ላይ ነበር፤ ከደብተሬ በስተኋላ ደግሞ ስንኞች እጽፍ ነበር፣ ባቡር ውስጥ ያየኋቸውን ሰዎች፣ የሚያንቀላፋ ሰው አንገት እንዴት እንደሚወድቅ። አንድ ቀን ደብተሩን ገልብጠው አገኙት። አነበቡትና ወደ ፊት ገለበጡት። «ይሄ ስንት ማርክ አለው?» ብቻ አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። ከልባቸው የጠየቁ ይመስለኛል።

ከቆረጣው በኋላ በነበረው ሰኞ ቁራጮቹን በአልጋ ልብስ ጠቅልዬ ወደ እትዬ ቤት ወሰድኩ። አጥንቱን እትዬ ቅዳሜውኑ በሰው መኪና አስጭነው ወስደዋል። ስሉሰን ጣቢያ ላይ ከአረንጓዴው የባቡር መስመር ወርጄ፣ ቀዩን ይዤ፣ ሻርሆልመን ደረስኩ። የእትዬ ቤት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የስፌት መኪናቸው በመስኮቱ በኩል፣ ከታች የገበያውን አደባባይ እያየ። ጥቅሉን ተቀብለው አልጋቸው ላይ ፈቱት።

«አባትህ ምን አሉ?»

«ምንም። በሦስት ቀን ይጨርሱታል ብለዋል።»

«ና እስቲ፣ ቁጭ በል። እጅህን ታጥበሃል?»

ከቁም ሣጥናቸው ሥር አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ጎትተው አወጡ። ውስጡ የድሮው ድባብ ጨርቅ ነበር፤ ፀሐይ የበላው፣ ወደ ቡናማ የተለወጠ ቀይ። አባቴ የተቀደደውን ጨርቅ ከአጥንቱ ፈትተው ለቆሻሻ አውጥተውት ነበር፤ እትዬ ከታች፣ ከቆሻሻ ማስቀመጫው ክፍል ደጃፍ ለቅመውታል።

«ልብስ ሲሰፋ አሮጌው አይጣልም። ይተረተርና ልኩ ይወሰዳል። ይሄን መምህር ቢያውቁ ኖሮ ሲባጎና ጠመኔ ባላደከማቸው።»

ካልተቀደዱት ቁራጮች አንዱን በምላጭ ተርትረው፣ በካውያ ተኩሰው፣ በአባቴ ቁራጭ ላይ አስተኙት። ቁመታቸው አንድ ነው። አናታቸው ይገጥማል። እየወረደ ሲሄድ ግን የአባቴ ከግራም ከቀኝም እየተረፈ፣ ግርጌው ላይ ወደ ውጭ ወጣ።

«ጎኑን እየው። ቀጥ ያለ ነው?»

አልነበረም። የአሮጌው ጎን እንደ ቅል ሆድ ወጣ ብሎ ይመለሳል። የአባቴ ሴክተር ጎን ሬዲየስ ነው፤ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ።

«ጠፍጣፋ ምጣድ ላይ የሚነጠፍ ጨርቅ ነው የቆረጡት፤ ይሄ ግን ራስ ላይ የሚደፋ ነገር ነው» አሉ እትዬ። «ቆብ በለው።»

«ታዲያ ለምን ቆረጡት?»

መርፌያቸውን ከደረታቸው ነቅለው ክር አስገቡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በሦስተኛው ሙከራ ነው የገባው።

«ከሳቸው ጋር ወለል ላይ ተንበርክኬ ልጣላ? ሰውየው ጠዋት የሰው ሽንት ቤት አጥበው መጥተው? ደግሞ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። ጠቦ ቢሆን ኖሮ እጣላቸው ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም፣ ጮኼ እጣላቸው ነበር። የሰፋን ማጥበብ እኔ እጅ ላይ ነው።»

ከዚያ ጣታቸውን አፍንጫዬ ፊት አቆሙ።

«ትንፍሽ እንዳትል። ሰምተሃል? አንተ ደግሞ ሁሉን ትጽፋለህ አሉ።»

«ማን አለ?»

«አባትህ ናቸዋ። ልጄ ይጽፋል ብለው ለሰው ይናገራሉ። ለአንተ አልነገሩህም?»

አልነገሩኝም ነበር።

ሦስት ቀን ተመላለስኩ። እትዬ አሮጌውን ልክ እያስተኙ በሳሙና ፍቅፋቂ መስመሩን አዞሩት፣ የተረፈውን ወደ ውስጥ አጥፈው ሰፉት፤ እኔ መርፌ አቀብላለሁ፣ የተሰፋውን እደግፋለሁ። በሦስተኛው ቀን አጥንቱ ላይ ስናለብሰው ከፋዩ ያለ አንዲት ሽብሽብ ተወጠረ። በጣታቸው ሲመቱት ከበሮ የመሰለ ድምፅ ሰጠ። ዘርፉን ዙሪያውን ሲሰፉት ዘጠና ሳንቲም ያህል ተረፈ። ቆርጠው፣ ጠቅልለው፣ የቁልፍ ማስቀመጫቸው ጣሳ ውስጥ ከተቱት። 

የንግሡ ዕለት ፀሐይ ነበር። ድባቡ ከደረጃው ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከሰልፉ ጎን ይሄዳሉ፤ ሌላው ሰው ወደ ታቦቱ ሲያይ እሳቸው ወደ ድባቡ ጠርዝ ያያሉ። ሕንጻውን ስንዞር አጠገቤ ደርሰው በጆሮዬ «ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ ስድስት። አንዱም አልተንሸዋረረም» አሉኝ። ከኋላዬ እትዬ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አሳሉ።

ከቅዳሴው በኋላ ምሳ ላይ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ሳህናቸውን ይዘው መጡ።

«መምህር፣ እትዬን ስናመሰግን ‹እኔ የቆረጥኩት መምህር የሠሩትን ነው፣ መርፌ ብቻ ነው የጨመርኩት› አሉን።»

«እጃቸው ነው» አሉ አባቴ፣ ደስታቸውን ለመደበቅ እያጎነበሱ።

«እነዚህ ልጆቻችን ሂሳብ እየወደቁ ነው። በአማርኛ ስንጠይቃቸው በስዊድንኛ ይመልሱልናል፣ በስዊድንኛ ስንጠይቃቸው አናውቅም ይላሉ። ቅዳሜ ምድር ቤቱ ባዶ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ቢያስተምሩልን?»

«ላስብበት።»

የሚያስቡት ነገር አልነበረም። ማታውን ሳይሆን ገና ባቡር ውስጥ ሳለን ነው የትምህርቱን ቅደም ተከተል በእጃቸው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የጻፉት።

ሰኔና ሐምሌ እንደዚያ አለፉ። አባቴ ከሥራ ሲመለሱ ወዲያው መተኛት ተዉ። ከዕቃ መደብር ጥቁር ቀለም ገዝተው ከአንድ ሰው ቤት የተጣለ የቁም ሣጥን ጀርባ ቀብተው ሰሌዳ ሠሩ። ትልቅ የእንጨት ኮምፓስ ሠሩ። መስታወት ፊት ቆመው በስዊድንኛ «ሰላም ልጆች፣ ዛሬ ክብ እንማራለን» ሲሉ ሁለት ጊዜ ሰማኋቸው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሲያዩኝ ጥርሳቸውን የሚፍቁ መሰሉ። እኔ ደግሞ በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ከምግብ ቤቱ ስመለስ እጄ በሳሙና ተሸብሽቦ፣ በሩን ስከፍት ሰሌዳው ላይ አዲስ ክብ ተሥሎ አገኛለሁ፣ ነገ እላለሁ። ዝም ማለት ያደክማል። ስንኝ እንኳ አልመጣልኝ አለ፤ የሚጻፈው አንድ ነገር ብቻ ሆነና እሱ ደግሞ የሚጻፍ አልነበረም። አንድ ቀን ለእትዬ ስልክ ደወልኩ።

«እንንገራቸው፣ እትዬ።»

«ለምን ተብሎ? ድባቡ ምን ሆነ?»

«ድባቡ ምንም አልሆነም።»

«እንግዲያው ተዋቸው። ሰው ሲደሰት አይተህ አታውቅም እንዴ?»

ነሐሴ መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኩሽና ውስጥ ተቀምጠናል። ልጆቹ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ወላጆቻቸውም አብረው እንዲቀመጡ አባቴ ራሳቸው ጋብዘዋል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰዋል። አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ በግራ በኩል በአማርኛ ጽፈውበታል፣ ቀኙን በስዊድንኛ እንድሞላው። ለልጆቹ የሚታደል ነው። የክብ ፍቺ፣ የሬዲየስ ፍቺ፣ ዙሪያ፣ ስፋት። እየተረጎምኩ ወረድኩ። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፤ «አሁን ድባቡን ክፈቱ። ሜትር ውሰዱ። የአንዱን ቁራጭ ግርጌ በቅስቱ ላይ ለኩ። ስልሳ ስድስት ታገኛላችሁ።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።

«ምነው፣ ቃሉ ጠፋብህ?»

«አባባ፣ ስልሳ ስድስት አያገኙም።»

«ምን?»

«ሃምሳ አምስት ነው የሚያገኙት።»

ፈገግ አሉ፤ ቀላል ስህተት የያዙ መምህር ፈገግታ። «ቀጥታውን እያሰብህ ነው። እኔ በቅስቱ ላይ ነው ያልኩት።»

«በቅስቱም ሃምሳ አምስት ነው።»

በአፌ ማስረዳት አልቻልኩም። ተነስቼ ከመደርደሪያው ጎድጓዳ ሳህን አወረድኩና ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ጣቴን ከሳህኑ አናት ጀምሬ በጉብጠቱ ላይ እስከ ጠርዙ አወረድኩ። ከዚያ ሳህኑን ገልብጬ ከመሃሉ በአየር ላይ ቀጥታ ወደ ጠርዙ አሳየሁ። ሌላ ነገር ማለት አላስፈለገም። እኔ ከገባኝ በበለጠ ፍጥነት ገባቸው፤ ሲገባቸው አየሁት፣ ከግንባራቸው ተነስቶ እስከ እጃቸው ድረስ ሲወርድ።

«ሰባ?» አሉ።

«ሰባ።»

«አራት መቶ አርባ።» ወዲያው ነው ያሰሉት። ከዚያ ቀና አሉ። «አይቼዋለሁ እኮ። ተወጥሯል። በስልሳ ስድስት ተቆርጦ እንዴት ሊወጠር ቻለ?»

«እትዬ አጠበቡት።»

«መቼ?»

«ሳይገጣጠም በፊት።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«መርፌ የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ።»

ማቀዝቀዣው ተነስቶ መጮህ ጀመረ። አባቴ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ዞሩት።

«ሊቀመንበሩ ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም። ሁለት ሰው ብቻ።»

«ሦስት» አሉ።

«አባባ፣ እንዳይከፋዎት ብለን ነው።»

«አዲስ አበባ ሳስተምር ልጆች ያርሙኝ ነበር። አንድ ጊዜ አንዱ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነስቶ ‹ጋሼ፣ ምልክቱ ተገለበጠ› አለኝ። ጠመኔውን ሰጠሁት። ወጥቶ አስተካከለው፣ ክፍሉ አጨበጨበለት፣ እኔም አጨበጨብኩለት።» ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «አንተ ሦስት ወር ዝም አልከኝ። በንግሡ ዕለት በጆሮህ ስነግርህ ዝም አልከኝ።»

«ደስ ብሎዎት ነበር።»

«እንደ በሽተኛ ነው የያዛችሁኝ።»

  በመስኮቱ በኩል ባቡሩ ወደ ጣቢያው ሲገባ ተሰማ፤ እዚህ ስለሚያበቃ ሁልጊዜ ሲገባ ቀስ ብሎ ነው። አባቴ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። እስክሪብቶዬንም ወሰዱ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ስልሳ ስድስትን በአንድ መስመር ሰረዙ፤ በምትኩ ግን ምንም አልጻፉም። ወረቀቱን አጥፈው የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«ልደውልና ታመዋል ልበላቸው? ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያዘጋጁታል።»

«‹ታመዋል› ለማን ነው የምትለው?»

«ለሊቀመንበሩ።»

«አልታመምኩም።»

ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ትንሽ በርጩማ ሄደው ተቀመጡ። ጫማቸውን ሲያስሩ ጎንበስ ማለት ይከብዳቸዋል፤ አንዱን አስረው ትንሽ አረፉ፣ ከዚያ ሌላውን። ተጠግቼ ልረዳቸው ስል እግራቸውን ሰበሰቡ። ሰሌዳውን በብብታቸው ይዘው፣ ኮምፓሱን በሌላው እጃቸው አንጠልጥለው ሲነሱ ሁለቱንም ይዞ በሩን መክፈት የማይቻል ሆነ። እኔ ከፈትኩላቸው።

«አብሬዎት ልምጣ? ሰሌዳው ይከብዳል።»

«አይከብድም።»

«ልጆቹን ምን ሊሏቸው ነው?»

ደረጃው ላይ የሌላ ቤት ሰው እየወረደ ስለነበር አሳለፉት፣ በስዊድንኛ ሰላም አሉት፣ ሰውየውም ሰላም አላቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ከሆስፒታል ሲመለሱ እንደሚሆነው ነበር፤ ዓይናቸው ግን አልተከደነም።

«ትምህርት አለኝ» አሉ።

ሰሌዳው ጠባብ መግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ተጋጨ። በእግራቸው ገፋ አድርገው አወጡት፤ ኮምፓሱን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እጀታውን ከእጄ ወስደው በሩን ራሳቸው ዘጉት።